የሚማር ሰው ፍለጋ

ደብዳቤው የደረሰኝ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ተመላላሽ ክፍላችን በሰው ተጨናንቆ ሳለ ነው። የሆስፒታሉ ሜዲካል ዳይሬክተር ራሱ ይዞት መጣ። አንዱ ታካሚ ወጥቶ ሌላው እስኪገባ ባለችው ክፍተት ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠውና «ይሄ የእርስዎ ጉዳይ ነው ዶክተር፤ ሰው ይፈልጉልን» ብሎኝ ወጣ።

ቆሜ አነበብኩት። አዲስ አበባ ያለ አንድ የማስተማሪያ ሆስፒታል የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸውን ሰዎች የሚያክሙ ልዩ የአእምሮ ሐኪሞችን ሊያሠለጥን ነው። የአእምሮ ሐኪም የሆነ ሰው ለአንድ ዓመት ይማራል፤ ጠቅላላ ሐኪም የሆነ ደግሞ መጀመሪያ የአእምሮ ሕክምናውን አጠናቆ ከዚያ ወደዚህ ይቀጥላል። ለእኛ ለደብረ ታቦር ሆስፒታል አንዲት ቦታ ተይዛለች። በሁለት ወር ውስጥ ስም ካልላክን ቦታዋ ለሌላ ትሰጣለች።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። የተሰማኝ ግን ፍርሃት ነው።

ያኔ አርባ አምስት ዓመቴ ነው። በሆስፒታላችን ያለሁት የአእምሮ ሐኪም እኔ ብቻ ስሆን፣ ከእኔ ጋር ሁለት የአእምሮ ጤና ነርሶች ይሠራሉ። ስለዚህ ለቦታዋ ራሴን ከቁጥር አላስገባሁም። እኔ ከሄድኩ ክፍሉ ይዘጋል ብዬ ደመደምኩ። ይህ ውሸት አልነበረም፤ ግን ሙሉው እውነት እንዳልሆነ ያን ጊዜም ውስጤ ያውቀዋል።

ስለ አእምሮ እድገት ውስንነት የተማርኩት ጥቂት ነው። ስፔሻሊቲ ስማር የተወሰኑ ሌክቸሮች ነበሩ፤ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ደግሞ ልዩ ፍላጎት ያላቸው ልጆች የሚማሩበት ትምህርት ቤት ወስደው አሳዩን። ስሙን፣ ደረጃውን፣ መንስኤውን አጥንቼ ፈተናዬን አልፌያለሁ። የቱ ጋ እንዳመመው መናገር ከማይችል ትልቅ ሰው ፊት ተቀምጬ ምን እንደማደርግ ግን ማንም አላሳየኝም። ከእስቴ፣ ከገሳይ፣ ከጉና ሥር እናቶችና አባቶች ሠላሳ ዓመት የሞላቸውን ልጆቻቸውን እጃቸውን ይዘው ይመጣሉ። እኔ መድኃኒት አዛለሁ። እነሱ መርቀውኝ ይሄዳሉ። ከኋላቸው በሩ በተዘጋ ቁጥር፣ አንድ ቀን አለማወቄ ይታወቅብኛል እያልኩ እሰጋ ነበር።

ፍለጋውን ከጠቅላላ ሐኪሞቹ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ሳቀ። «ዶክተር፣ የማይድን ነገር ተምሬ ምን ልሁን?» አለኝ። ሁለተኛዋ በትህትና አዳመጠችኝና ከአገር ለመውጣት ለሚያስፈልግ ፈተና እየተዘጋጀች መሆኗን ነገረችኝ። ሦስተኛው ቤተሰቤን ላማክር ብሎ ሄደ፤ ከዚያ በኋላ ኮሪደር ላይ ከሩቅ ሲያየኝ በሌላ በር መውጣት ጀመረ።

አንድ ሰው ቀረኝ። ከነፋስ መውጫ በኩል የመጣ፣ እኛ ጋ ሁለተኛ ዓመቱን የያዘ ወጣት ሐኪም ነው። ቀዶ ሕክምና መማር እንደሚፈልግ ግቢው ሁሉ ያውቃል። እኔ ግን ታካሚ ሲያነጋግር አይቼዋለሁ። ወንበሩን ትቶ አግዳሚው ላይ ከጎናቸው ይቀመጣል፤ አንድ ነገር ጠይቆ መልሱ እስኪመጣ ይጠብቃል። ሰው በሚጋፋበት ግቢ ውስጥ መልስ የሚጠብቅ ሐኪም ብርቅ ነው። እሱ ነው የሚሆነኝ አልኩ። ግን እሱም እንቢ ካለኝ ሌላ የምጠይቀው የለኝምና መጠየቁን ፈራሁት። ባገኘሁት ቁጥር ስለ ብርዱ፣ ስለ ተረኝነት፣ ስለ ኦክስጅን እጥረት አወራለሁ። እንዲህ እያልኩ ሳምንታት አለፉ።

እናትና ልጅ የመጡት በዚያው ሰሞን ነው። ከገሳይ ወጣ ብሎ ካለ መንደር ነው የመጡት። እናቲቱ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ገብስና ድንች የሚያመርቱ ሴት ናቸው። ልጃቸው ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። የአእምሮ እድገት ውስንነቱ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያለ ነው፤ የምትናገረው ሦስት ቃል ብቻ ነው። «እማ»፣ «ነይ» እና «በቃ»።

«ደኅና ነበረች» አሉኝ እናቲቱ። «ውሃ ታመጣለች፣ ጥጃ ታስራለች፣ እሑድ እሑድ ከእኔ ጋር ቤተ ክርስቲያን ትስማለች። ከፍልሰታ ወዲህ ነው የተለወጠችብኝ።»

ምን እንደተለወጠ ጠየቅኳቸው። ጉንጯን በጥፊ ትመታለች፤ ትጮኻለች፤ እንቅልፍ የላትም፤ ያጎረሷትን ትተፋለች።

«ጣራ ገዳም በኩል ጸበል ወስጃት ሁለት ሳምንት ከረምን» አሉ። «ጸበሉን ስትጠጣ ነው እሚብስባት። ገና አፏን ሲነካት ትጮኻለች። በኋላ አባቶችም ሐኪም አሳዪያት አሉኝ።»

ይህን ሁሉ ጽፌዋለሁ። ካርዷ ላይ በራሴ እጅ «ጸበል ስትጠጣ ትጮኻለች» የሚል አለ። ጻፍኩት እንጂ አላሰብኩበትም። ጸበሉ የነካው ክፉ መንፈስ ነው ብለው የሚያምኑ ሰዎች አሉ፤ እኔ ደግሞ በበኩሌ የአእምሮ ሕመም ተደርቦባት ነው ብዬ አመንኩ። ውሃው ራሱ ምን እንዳደረጋት የጠየቀ የለም። በር ላይ ሌሎች ይጠብቃሉ። ልጅቷ የጋወኔን እጅጌ ይዛ ወደ ራሷ ስትስበኝ ነርሷ በቀስታ አስለቀቀቻት። የሚያረጋጋ መድኃኒት አዘዝኩና በሁለት ሳምንት ቀጠርኳቸው።

በቀጠሯቸው መጡ። ጩኸቱ ጥቂት ቀንሷል፤ ጥፊው አልቀነሰም። መጠኑን ጨመርኩ። «አሁን ትረጋጋለች እናቴ፣ አይስጉ» አልኳቸው። ለእሳቸው ያልኩትን ለራሴ ማለት አቃተኝ። ማታ ቤቴ እራት ስበላ ልጅቷ እጅጌዬን የያዘችበት አያያዝ ይታወሰኛል። እየመታችኝ አልነበረም፤ እየጎተተችኝ ነበር። ወዴት እንደሆነ አልገባኝም።

ለሦስተኛ ጊዜ የመጡት ከቀጠሯቸው ቀደም ብለው ነው። ወጣቱ ሐኪም በዚያ ሳምንት ተራው ደርሶት ወደ እኛ ክፍል ተመድቧል። እናቲቱ ልጃቸውን ደግፈው አስገቧት። አካሏ እንደ እንጨት ደርቋል፤ እርምጃዋ አጥሯል። ከአፏ ጥግ ምራቅ ይወርዳል። ጭንቅላቷና ጉንጯ በወፍራም ሻሽ ታስሯል፤ ራሷን ስትመታ እንዳትጎዳ እናቷ ያሰሩላት ነው።

«ዝም አለችልኝ» አሉኝ። «እግዜር ይስጥሽ ልጄ።»

ደስ አለኝ። ከዚህ ሁሉ ነገር ለራሴ ይቅር ማለት ያቃተኝ ያችን ደስታ ነው። ወደ ወጣቱ ዞሬ እንደ አስተማሪ፣ «ድርቀቱም ምራቁም የመድኃኒቱ ጠባይ ነው፤ ትንሽ እንቀንስላታለን» አልኩት።

እሱ ግን ካርዷን ይዞ ሄዶ አግዳሚው ላይ ከልጅቷ ጎን ተቀመጠ።

«ምራቁ መቼ ጀመራት እናቴ?»

«ሦስት ቀኗ ነው።»

«ምን ትበላለች?»

«ምን ትበላለች! ገንፎውንም እንቢ አለች። አጥሚት ነው፤ እሱንም በቀኝ በኩል አጋድሜ ነው የማጠጣት።»

«ለምን በቀኝ?»

«በግራማ ትመታኛለች።»

ካርዱን ገለጠ። የጻፍኩትን እያነበበ መሆኑን አየሁ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ «ጸበሉ ቀዝቃዛ ነው?» አላቸው።

«ኧረ በረዶ ነው ልጄ! ከዓለት ሥር እኮ ነው የሚፈልቀው።»

«ሻይ ስትጠጣስ ትጮኻለች?»

እናቲቱ አሰቡ። «ለብ ካለ አትጮኽም» አሉ ዝግ ብለው። «አዎ፣ ለብ ካለ አትጮኽም።»

ወጣቱ ሐኪም ቀና ብሎ አየኝ። ሻሹ ሳይፈታ ገባኝ፤ ጥርሷ ነው።

«ሻሽሽን ልፈታው?» አላት ልጅቷን። መልስ እንደማትሰጥ እያወቀ ጠበቃት። ቆየችና ጭንቅላቷን ወደ እናቷ ትከሻ ዘንበል አደረገች። ያኔ ቀስ ብሎ ፈታው። የግራ መንጋጋዋ ሥር አብጦ ቀልቷል፤ እብጠቱ ወደ አንገቷ ወርዷል። እጁን ሳይጭን አስጠግቶ ትኩሳቱ ተሰማው። አፏ ከጣት ስፋት በላይ አልከፈት አለ።

«በቃ» አለች ልጅቷ። ድምፅዋ ይሰማል አይባልም።

ወር ከመንፈቅ ሙሉ ይህንኑ ስትለን ኖራለች ማለት ነው። እኔ አፏን የሚያዘጋ መድኃኒት ሰጠኋት።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ተፋጠነ። የጥርስ ሐኪሙና ቀዶ ሐኪሙ መጡ። ከጥርሷ የተነሣው መግል ወደ አንገቷ እየወረደ ስለሆነ መተንፈሻዋን ሊዘጋው ይችላል አሉ። ወደ ባሕር ዳር እንላካት ተባለ፤ በዚያ ሳምንት ግን መንገዱ ተዘግቶ ነበር። እዚሁ ይሠራ ተባለ። የማደንዘዣ ባለሙያው ወደ እኔ መጥቶ ምን ያህል መድኃኒት እንደወሰደች፣ መጨረሻ የወሰደችው መቼ እንደሆነ ጠየቀኝ። ወረቀት ላይ ጻፍኩለት። መጠኑን ለረጅም ጊዜ ተመለከተና፣ «ከባድ ነው ዶክተር። ማደንዘዣው በዚህ ላይ ተደርቦ ላትነቃ ትችላለች» አለኝ።

ከሰባት ሰዓት ጀምሮ የቀዶ ሕክምናው በር ላይ ጠበቅን። እናቲቱ አግዳሚ ላይ አልቀመጥም ብለው ሲሚንቶው ላይ ተቀመጡ፤ እኔም ከጎናቸው ተቀመጥኩ። ያልፉ የነበሩ ነርሶች በጋወን መሬት ላይ መቀመጤን እያዩ ይገረማሉ። ነፋሱ የጣሪያውን ቆርቆሮ እያንኳኳ ነው። በሩ በተከፈተ ቁጥር ሁለታችንም እንነሣለን፤ አንድ ጊዜ ግሉኮስ ሊወስዱ፣ አንድ ጊዜ ጨርቅ ሊያወጡ ነው። እንደገና እንቀመጣለን።

እዚያ ተቀምጬ ስለ ልጅቷ ሕይወት እጸልያለሁ። መሐል ላይ ደግሞ ብትሞት ምን ይባላል፣ ካርዱን ማን ያነባል፣ ዳይሬክተሩን ምን እለዋለሁ የሚል ሐሳብ ሰተት ብሎ ይገባብኛል። አባርረዋለሁ፤ ይመለሳል። እናቲቱ የእኔ ጭንቀት ለልጃቸው ብቻ መስሏቸው እጄን ያዙኝ። «አይዞሽ» አሉኝ። ስለ መድኃኒቱ ግን ያን ዕለት አልነገርኳቸውም።

ወጣቱ ሐኪም ውስጥ ሆኖ ሲያግዝ ነበር። ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ኮፍያውን እንዳደረገ ወጣ።

«መግሉ ወጥቷል። ሁለት መንጋጋ ጥርስ ተነቅሏል» አለ። «እየተነፈሰች ነው። ግን አልነቃችም። እንጠብቃለን።»

የነቃችው በማግሥቱ ረፋድ ላይ ነው። እኔ በበኩሌ ያን ያህል ረጅም ሌሊት አላውቅም።

በሦስተኛው ቀን፣ ልጅቷ ቀዝቀዝ ያለ ወተት ያለ ጩኸት ስትጠጣ ካየሁ በኋላ፣ እናቲቱን ከአልጋው ፈንጠር አድርጌ ነገርኳቸው። ሕመሟ የጥርስ እንደነበር፣ መጀመሪያ በመጡ ቀን አፏን ከፍቼ ማየት እንደነበረብኝ፣ የሰጠኋት መድኃኒት ሕመሟን ሳያጠፋ ጩኸቷን ብቻ እንደወሰደባት፣ ለሞትም አቅርቧት እንደነበር አልደበቅኳቸውም። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሰሙኝ። ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢቆጡኝ ይቀለኝ ነበር።

«እኔም አላወቅሁላት፣ እናቷ ሆኜ» አሉ በመጨረሻ። ቀጥለውም፣ «እኔስ አልተማርኩም ልጄ» አሉኝ።

በክፋት አላሉትም። ግራ ገብቷቸው፣ እንደ ጥያቄ ነው ያሉት። ከዚያ ወደ ልጃቸው ተመለሱ።

በማግሥቱ በሐኪሞች የጠዋት ስብሰባ ላይ ቆሜ ነገሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተናገርኩ። አንዳንዶቹ ወለሉን ያያሉ። አንዱ «ለማንም ያጋጥማል» አለ። አላጽናናኝም፤ ለማንም የሚያጋጥመው ማንም ስላልተማረው ነው።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ወጣቱን ሐኪም በእግር እንንሸራሸር ብዬ ጠራሁት። ወደ ጋፋት በሚወስደው መንገድ ወጣን። በግራና በቀኝ የገብስ ማሳው ሊደርስ ተቃርቧል፤ ከብቶች የሚነዱ ሰዎች እንደምን ዋላችሁ እያሉን ያልፋሉ። በደብዳቤው የተሰጠን ጊዜ ሊያልቅ የቀረው ጥቂት ቀን ነው። የምለውን ቤቴ ሳለሁ ደጋግሜ አሰናድቼዋለሁ። ሙያው ምን ያህል እንደሚያስፈልግ፣ ተሰጥዖ እንዳለው፣ ስንት ቤተሰብ እንደሚጠብቀው ልነግረው ነው።

እሱ ቀደመኝ። «አንድ ነገር ልጠይቅዎት? እንዳይቀየሙኝ።»

«ጠይቀኝ።»

«እርስዎ ይህን ሁሉ ዓመት ተምረው፣ ይህን ሁሉ ዓመት ሠርተው፣ እንዴት አላዩትም?»

ቆምኩ። ፊቱን ሳየው ሊያዋርደኝ አልነበረም፤ የፈራ ሰው ፊት ነው። ነገ እኔም እንዲህ እሆን ይሆን ብሎ የፈራ።

«የአእምሮ እድገት ውስንነቷን ሳይ ሌላውን ማየት አቆምኩ» አልኩት። «ስትጮኽ፣ ያው ከዚያ የመጣ ነው አልኩ። አንተ ጥርሴን አሞኛል ብላ የምትነግርህ ይመስል ጠየቅህ፤ እኔ አትነግረኝም ብዬ ሳልጠይቅ ቀረሁ።»

ትንሽ ተራመድንና ስለ ደብዳቤው ነገርኩት። ያሰናዳሁት ንግግር ሁሉ ጠፍቶብኝ፣ «አንተን ልልክ ነው የፈለግኩት» ብቻ አልኩት።

«አውቃለሁ» አለኝ። «ግቢው በሙሉ ያውቃል። ዶክተር፣ እኔ ቀዶ ሕክምና ነው የምወደው። እዚያ ገብቼ ልቤ ሌላ ቦታ ከሆነ እነዚህ ሰዎች ምን ይጠቀማሉ?» ቀጠለና፣ «ለምን እርስዎ አይሄዱም?» አለ።

«ክፍሉስ?»

«ነርሶቹ አሉ። እኔ አለሁ፤ ለአንድ ዓመት እመደባለሁ። ያቃተንን በስልክ እንጠይቅዎታለን።»

«አርባ አምስት ዓመቴ ነው።»

«ታዲያ?» አለኝ።

የነበረኝ ፍርሃት ብቻ ነው። በዕድሜ ከሚያንሱኝ ሐኪሞች ጋር ክፍል ውስጥ ተቀምጬ፣ «አላውቅም» ማለትን ፈራሁ። እስካሁን ያከምኳቸውን ሁሉ ሰዎች፣ በየመንደራቸው ዝም ብለው የተቀመጡትን፣ መለስ ብዬ እንዳስብ መገደድን ፈራሁ። ተመልሰን ከተማ ስንገባ ግን የራሴን ስም ልጽፍ ወስኜ ነበር።

ዳይሬክተሩ ስሜን ጽፌ ስሰጠው ወረቀቱን አልተቀበለኝም። «ሰው ይፈልጉልን አልኩ እንጂ ይሂዱልን አላልኩም» አለ። ሦስት ቀን ተከራከርን። ወጣቱ ሐኪም ቃሉን አክብሮ ከእኔ ጋር ቢሮው ገባ፤ ነርሶቹም ገቡ። በመጨረሻው ቀን ፈረመልኝ። ስሜ ከተላከ በኋላ እንኳ እንዳይቀበሉኝ የምመኝባቸው ሰዓታት ነበሩ።

ተቀበሉኝ። የመጀመሪያው ቀን ትምህርት በክፍል ውስጥ ነው ብዬ አዲስ ደብተር ይዤ ሄድኩ። አስተማሪያችን፣ ከእኔ ጥቂት ዓመት የምታንስ ሴት፣ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ትልልቅ ሰዎች የሚውሉበት ግቢ ወሰደችን። እያንዳንዳችን ከአንድ ሰው ጋር አንድ ሰዓት እንድንቀመጥ፣ ምንም እንዳንጠይቅ አዘዘችን። እኔ የደረሰኝ ጎልማሳ ሹራቡን እየተረተረ ክሩን በጣቱ ይጠመጥማል። ሰዓቱ ሲያልቅ ያየሁትን ምልክት ሁሉ ደርድሬ ጽፌ ነበር። አስተማሪያችን አነበበችውና፣ «ምን ደስ እንደሚለውስ አየሽ?» አለችኝ። አላየሁም። በማግሥቱ እንደገና ከእሱው ጋር ተቀመጥኩ።

ዓመቱን በሙሉ እንዲህ ነው የተማርኩት። ጠባይ ሲለወጥ መጀመሪያ ጥርስን፣ ጆሮን፣ ሆድን ማየት፤ ቤተሰብን መቼ እንደሚብስ ብቻ ሳይሆን መቼ እንደሚሻል መጠየቅ፤ መድኃኒት ከመጨመር በፊት የቱን መቀነስ እንደሚቻል ማሰብ። ብዙውን ጊዜ ከሁሉም በኋላ የምረዳው እኔ ነኝ። ከደብረ ታቦር ስልክ ሲደወል እየፈራሁ አነሣዋለሁ፤ ወጣቱ ሐኪም ነው፤ አንዳንዴ ምክር ይጠይቀኛል፣ አንዳንዴ መንገድ ተዘግቶ መድኃኒት አልደረሰንም ይለኛል። ኔትወርክ የጠፋባቸው ሁለት ሳምንታት ነበሩ። ያኔ ሁሉን ትቼ ልመለስ ሻንጣዬን አውጥቼ ነበር፤ መጓጓዣም ስላልነበረ ብቻ ቀረሁ።

ተመልሼ ከመጣሁ እነሆ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ሐሙስ ሐሙስ የአእምሮ እድገት ውስንነት ላለባቸው ሰዎች ብቻ የተለየ ቀን አለን። በዚያ ቀን የማያቸው ሰዎች ቁጥር ትንሽ ነው፤ ዳይሬክተሩ ለምን አነሰ ይለኛል። የገሳይዋ ልጅ መድኃኒቱ ቀስ በቀስ ተቋርጦላት ድርቀቱ ለቋታል፤ ጥጆቿን ታስራለች። ከእናቷ ጋር ስትመጣ ግን እኔን ስታይ ትሸሸጋለች። እናቲቱ «ኧረ ነውር ነው» ይሏታል። ተዉዋት እላለሁ። ልክ ናት።

ወጣቱ ሐኪም ቀዶ ሕክምና ሊማር ሄደ። እንደሚሄድ ባውቅም ሽኝቱ ላይ ከፋኝ። የሱ ዓይነት ሰው ለእኛ ሙያ አለማግኘቴ ዛሬም ይቆጨኛል። ባለፈው ሲደውል፣ መናገር የማይችል ታካሚ ቀዶ ሕክምና ክፍል ሲገባ እሱን እንደሚጠሩት ነገረኝ።

እኔ አሁንም ሰው እየፈለግሁ ነው። እኔ ብታመም፣ ብዛወር፣ ሐሙስ የሚባለው ቀን አብሮኝ ይጠፋል፤ ይህ ከራሴ አይወጣም። ዘንድሮ ለአንድ ጠቅላላ ሐኪም ቦታ ሲሰጠን እንደ ድሮው ኮሪደር ለኮሪደር አልለመንኩም። ሐኪሞቹን አንድ በአንድ እየጋበዝኩ ሐሙስን አብረውኝ እንዲውሉ አደረግኩ። አብዛኞቹ አንድ ቀን ውለው አመስግነው ሄዱ። አንዲት ሐኪም ግን ሳትጠራ ተመልሳ መጣች፤ በሦስተኛው ሐሙስ ደግሞ፣ «ዶክተር፣ ይህን ስሠራ እሳሳታለሁ ብዬ በጣም እፈራለሁ» አለችኝ።

«እኔም እፈራለሁ» አልኳት። ስሟን በዚያው ሳምንት ላክን።

ለቃለ መጠይቅ አዲስ አበባ ሄዳ መጥታለች፤ ውጤቱ ገና ነው። ዳይሬክተሩ በየቀኑ ይጠይቀኛል። ትናንት ከእኔ ጋር ታካሚ እያየች ሳለ ስልኳ ጠራ። ሁለታችንም እኩል ዞረን አየነው። እናቷ ናቸው። «በኋላ እደውላለሁ እማ» አለቻቸውና፣ ፊት ለፊቷ የተቀመጡትን ሽማግሌ አባት ስለ ልጃቸው እንቅልፍ ከጀመረችበት መጠየቋን ቀጠለች።